የአናጢ ጠረጴዛ ቁመት ከየት መጣ?

የታክሲ ሾፌር መኪናውን ከባልደረባው ሲረከብ አስቀድሞ መቀመጫውን በልኩ ያስተካክላል። ይህን ዘንግቶ አሥራ ሁለት ሰዓት ለነዳ ሰው ወገቡ ያስታውሰዋል። እኔ ግን ይህን እያወቅሁ፣ ለልጆቻችን የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት የመጻሕፍት መደርደሪያ ለመሥራት በርካሽ በገዛሁት አሮጌ የአናጢ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሼ ሳንቃ ስልግ ሰነበትሁ። ውጤቱም ሳምንት ሙሉ ያለ ገቢ መተኛት ሆነ። የቀድሞ የታሪክ አስተማሪ ነኝና መልሱን ከታሪክ ፈለግሁ።

እ.ኤ.አ. በ79 ዓ.ም. የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ በቀበራት በሄርኩላኔም ከተማ በተገኘ የግድግዳ ሥዕል ላይ ባለ ክንፍ ሕፃናት በዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ ሳንቃ ሲሰነጥቁ ይታያሉ። በጀርመን አገር ሳልቡርግ በተባለው የሮማውያን ምሽግ የተገኙት የአናጢ ጠረጴዛዎችም እንደ አግዳሚ ወንበር አጫጭር ናቸው። በዚህ ዓይነቱ ጠረጴዛ ላይ ሠራተኛው እንጨቱን በላዩ ተቀምጦ በክብደቱ ሊይዘው ይችላል። አገር ቤት መሬት ላይ ተቀምጦ፣ እንጨቱን በእግሩ ደግፎ የሚጠርብ ባለሙያ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም።

ቆሞ መሥራት ሲለመድ ጠረጴዛው ከፍ አለ፤ ቢሆንም ብዙ አልራቀም። ፈረንሳዊው አንድሬ ዣኮብ ሩቦ እ.ኤ.አ. ከ1769 ጀምሮ ባሳተመው የአናጢነት መጽሐፍ የጠረጴዛው ከፍታ ከሠራተኛው ጭን የላይኛው ክፍል እንዳይበልጥ መክሯል። መላጊያ የሚገፋው በክንድ ብቻ ሳይሆን በእግርና በሰውነት ክብደት ነውና። በዚያ ላይ የዚያን ጊዜ መላጊያ ከወፍራም እንጨት የተሠራ ስለ ነበር እጅን ከሳንቃው ከፍ ያደርግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1867 አሜሪካዊው ሊዮናርድ ቤይሊ ለብረት መላጊያው የፈጠራ መብት አገኘ፤ ይህ ዓይነቱ መላጊያ ሲስፋፋ እጅ ወደ ሳንቃው ቀረበ። እኔም ረጅም ሰው ሆኜ፣ ለእንጨት መላጊያ በተሠራ አጭር ጠረጴዛ ላይ በብረት መላጊያ ስሠራ ነበር ወገቤ የተቀጣው!

እንግዲህ ለሁሉ የሚሆን አንድ ቁመት የለም። ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ እጅዎን ወደ ታች ይልቀቁ። ብዙ ለሚልግ ሰው የጠረጴዛው ፊት ከጣቶቹ መነሻ እስከ አንጓው ባለው መካከል ቢሆን ይበጃል። በመሮና በትንሽ መጋዝ ለሚሠራ ረቂቅ ሥራ ግን ወደ ክርን መቅረብ አለበት። ጠረጴዛው ከባድና የማይነቃነቅ ይሁን፤ ብርሃን ወዳለበት መስኮት ይጠጋ፤ ቀኝ እጁን ለሚጠቀም ሰው ሞርሳው በግራ በኩል ይሁን። አዲስ የሚሠራ ሰው እግሩን አስረዝሞ ይጀምር፤ ኋላ መቁረጥ ቀላል ነው።

እኔ ከየእግሩ ሥር ወፍራም ጣውላ አስገብቼ ሥራዬን ጨረስሁ። በሰው አገር የምንረከበው መቀመጫም ሆነ ጠረጴዛ በሌላ ሰው ልክ የተሠራ ነው፤ ወገባችንን ከማጉበጣችን በፊት እሱን ማስተካከል እንልመድ።