የግራሶ ነገር

ከመገናኛ ወደ ቦሌ በሚመላለሱት ሰማያዊና ነጭ ሚኒባሶች የሚሳፈር ሰው፣ ረዳቱ ተንሸራታቹን በር ስቦ ሲዘጋው የሚወጣውን ድምፅ ልብ ብሎ ቢያዳምጥ፣ መኪናው በማን እጅ እንዳለ ሳይጠይቅ ሊያውቅ ይችላል፤ አንዳንዱ በር እንደ ሐር ጨርቅ እሽ ብሎ ይሄዳልና፣ አንዳንዱ ግን ጠጠር እንደ ገባበት ወፍጮ ይንገጫገጫል፣ ሾፌሩም ፊቱን ሳይመልስ «በሩን ቀስ!» እያለ ይጮኻል። እኔም ይህን ድምፅ ዓመታት ሙሉ ስሰማ ኖሬ፣ ብረት በብረት ላይ ሳይፋጭ እንዲንሸራተት የማድረግን ጥበበ እድ ሰዎቻችን ከየት አገኙት፣ ለግራሶስ ስሙን ማን አወጣለት ብዬ መመርመር ጀመርሁ።

ጥንተ ነገሩን ከጋራዥ መፈለግ ስሕተት ይመስለኛል፤ የመጀመሪያዎቹ የቅባት ሊቃውንት እናቶቻችን ናቸውና። አዲስ ምጣድ ከገበያ መጥቶ በእሳት ላይ በጋለ ጊዜ በጎመን ዘር ይሟሻል፤ ከዚያም ወዲህ እንጀራ በተጋገረ ቁጥር ጋጋሪዋ የተወቀጠውን ጎመን ዘር ነስነስ አድርጋ በማሰሻዋ ምጣዱን ታስሰዋለች፣ ከፍሬው የወጣው ዘይት የሸክላውን ስስ ቀዳዳ ይደፍነዋል፣ እንጀራውም ሳይጣበቅ ተንሸራቶ በሰፌዱ ላይ ያርፋል። እዚህ ላይ ማሰሻው ሁለት ግብር በአንድ ጊዜ እንደሚፈጽም ልብ ይሏል፤ የቀደመውን ፍርፋሪ ይጠርጋል፣ አዲሱንም ቅባት ያለብሳል፤ ቅባቱም እጅግ ስስ ነው፣ ዐይን እንኳ አይሞላም። 

ዓባያችን ወርዶ በሚደርስበት በምስር ምድር ደግሞ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1900 ዓመት ገደማ በተሠራው በጀሁቲሆተፕ መቃብር ግድግዳ ላይ፣ 172 ሰዎች በመንሸራተቻ የተጫነ ግዙፍ ሐውልት ሲጎትቱ፣ አንድ ሰው በሐውልቱ እግር ሥር ቆሞ ፈሳሽ በፊት በፊቱ ሲያፈስ ተሥሎ ይታያል። ይህን ሥርዐተ አምልኮ ነው ብለው የተረጐሙት ነበሩ፤ ዳሩ ግን እ.ኤ.አ. በ2014 የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተመራማሪዎች አሸዋን በየመጠኑ እያረጠቡ ጎትተው ቢፈትኑ፣ በልኩ የረጠበ አሸዋ የመጎተቻውን ኀይል ወደ ግማሽ እንደሚያወርደው፣ ውሃው ከልክ ሲያልፍ ግን ጥቅሙ መልሶ እንደሚጠፋ አሳዩ። ያ የፈርዖን ዘመን ሠራተኛ ማሰሻ አልያዘም እንጂ የጎመን ዘሩን ምሥጢር ያውቅ ነበር ማለት ነው።

የሞተር ነገር ወደ አገራችን የገባው፣ ቤድ ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ አውቶሞቢል ይዞ በመጣ ጊዜ ነው፤ የምድር ባቡሩም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። የግራሶ ስም ግን በሌላ በር ገባ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበሩት የወረራ ዓመታት ኢጣልያኖች መንገድ ሲዘረጉና ጋራዥ ሲከፍቱ፣ በሥራው የገቡት ልጆቻችን ብረቱን ከነስሙ ወረሱት፤ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቪቴ፣ ላቫጆ የሚሉት ሁሉ የዚያ ዘመን ምርኮ ናቸው፤ ግራሶም እንዲሁ በኢጣልያንኛ ስብ ማለት ነው። ጠላት ተባረረ፣ ስቡ ግን በእጃችን ቀረ። ነገሩም በእርግጥ እንደ ስሙ ነው፤ ግራሶ ማለት ዘይት በሳሙና ረግቶ፣ እንደ ውሃ ፈስሶ እንዳይጠፋ በቦታው ተይዞ የሚቆይ ነው።

እንግዲህ በከተማችን ምሥራቅ በየመንገዱ ዳር «እጥበትና ግራሶ» የሚል ጽሕፈት ባየሁ ቁጥር፣ ድፍረት አይሁንብኝና፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዐት ትዝ ይለኛል፤ ሕፃኑ አስቀድሞ በማየ ጥምቀት ይጠመቃል፣ ከዚያ በኋላ በቅብዐ ሜሮን ይታተማል እንጂ፣ ቅብዐቱ ከውሃው አይቀድምም። ጽሕፈቱን የጻፈው ሠዓሊ ይህን አስቦ ነው አልልም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ትክክል ነው።

ይህን ጽሕፈት ያየሁባት ቦሌ ራሷ እርሻና ግጦሽ ከመሆን ወጥታ የዛሬውን መልክ መያዝ የጀመረችው በአውሮፕላን ምክንያት ነው። አየር መንገዳችን ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያውን በረራ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ የሚነሣው ከልደታ ነበረ፤ ነገር ግን በ1955 ዓ.ም. የቦይንግ 720 ጄቶች ሲመጡ ያ ሜዳ ስለማይችላቸው፣ ሥራው ሁሉ ወደ ቦሌ ተዛወረ። በክንፍ አጠገብ በመስኮት በኩል የተቀመጠ መንገደኛ፣ ለማረፍ በተቃረበ ጊዜ የክንፉ ኋለኛ ክፍል በሐዲዱ ላይ እየተንሸራተተ ሲዘረጋ ያያል፤ ከሥሩም፣ ማረፊያ እግሩ መሬት ሲነካ፣ እንደ መስተዋት የሚያበራ የብረት ዘንግ በሌላው ብረት ውስጥ ሰርጎ የመሬቱን ምት ይውጣል። ያንን ዘንግ መካኒኩ በንጹሕ ጨርቅ ይወለውለዋል፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት በላዩ ተለጥፋ ወደ ውስጥ ብትገባ፣ ፈሳሹን የሚያግደውን ጎማ ትቧጥጠዋለችና።

ከአየር ማረፊያው አጥር ውጭ ግን ታሪኩ ሌላ ነበረ። ከዱሮዎቹ ታክሲዎች ሰይቼንቶው በማጠፊያ የሚከፈት በር ነበረው፤ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ስለሚጨዋወትበት ውይይት የተባለውም የሚገባበት ከኋላው ነው፤ ስለዚህ ተንሸራታች በር በየሰፈሩ የገባው፣ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሚኒባሱ እየበዛ ሲመጣ ነው። የቶዮታ ሃይኤስ በር በሦስት ሐዲድ ይሄዳል፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከመርገጫው ሥር፣ ሦስተኛው በጎን ገላው ላይ ወደ ኋላ የተዘረጋው ነው። የላይኛው ትንሽ ይጠለላል፤ ሁለቱ ግን በሳሚትና በአያት በየጊዜው ከሚቆፈረው መሬት የሚነሣውን አቧራ፣ የሥረኛው ደግሞ የተሳፋሪውን ጫማ ጭቃ ጭምር ይቀበላሉ።

እኔም አንድ ጊዜ የዘመዴን ሚኒባስ በር ላሳምር ብዬ፣ ሐዲዱን በጣቴ ዛቅ እያደረግሁ በግራሶ ሞላሁት፤ ለሦስት ቀን እንደ ቅቤ ሄደ። በወሩ ግን በሩ በሁለት እጅ የማይገፋ ሆኖ፣ ወደ ገርጂ ጋራዥ ስንወስደው፣ ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ ከሐዲዱ ጥቁር ነገር በጣቱ ወስዶ በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገና፣ «ጋሼ፣ ይሄኮ ግራሶ አይደለም፣ ሞረድ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አቧራና ግራሶ ሲዋሐዱ ብረት የሚበላ ሊጥ ይሆናሉ። በባሕር ላይ ትናንሽ የሸራ ጀልባ የሚነዱ ሰዎችም ይህንኑ ጠላት በጨው መልክ ያውቁታል፤ ስለዚህ ተንሸራታቹን ዕቃ አስቀድመው በጨው አልባ ውሃ አጥበው፣ አድርቀው፣ ከዚያ ወዲያ የማይጣበቅ ስስ ማለስለሻ ይነኩታል እንጂ፣ በወፍራም ግራሶ አይለውሱትም።

ልጁ በቆርቆሮ ነጭ ጋዝ ቀዳ፤ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ነክሮ ሐዲዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈተገው፤ ጨርቅ በእንጨት ጠቅልሎ እጁ በማይደርስበት ጥግ አሳለፈ፤ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ አራት ጊዜ ለወጠ። ከዚያም በሽቦ ጫፍ አንዳንድ ጠብታ ዘይት ለየኩሽኔታው ብቻ አጠጣና፣ ሐዲዱን ራሱን ደረቅ አድርጎ ተወው። እኔ የግራሶውን ቆርቆሮ እያሳየሁት «ትንሽ ብትጨምርበትስ?» ብለው፣ ራሱን ነቅንቆ በሩን በአንድ ጣቱ ገፋው።