ፈረንሳይኛ ተምራችሁ ምን ልትሆኑ ነው?

ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፈረንሳይኛን ዋና ትምህርቱ ያደረገ ተማሪ ይህን ጥያቄ ሳይሰማ አይመረቅም። አክስት ትጠይቃለች፣ የሰፈር ልጅ ይጠይቃል፣ አካውንቲንግ የሚያጠናው የዶርም ጓደኛ ደግሞ እየሳቀ ይጠይቃል። በጠያቂዎቹ አንፈርድም፤ የቤት ኪራይ በፓሴ ኮምፖዜ አይከፈልም። እኛን የሚገርመን ሌላ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት በዚህችው አዲስ አበባ የመንግሥት እንጀራ ለመብላት የሚያስብ ወጣት “ፈረንሳይኛ ሳትማር ምን ልትሆን ነው?” ቢባል ያስኬድ ነበር። ታዲያ ነገሩ መቼ ተገለበጠ? (ዘመኖቹን በሙሉ የጻፍነው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1908 ሲከፈት መምህራኑ የግብፅ ኮፕቶች ነበሩ። ዋናው የማስተማሪያ ቋንቋ ግን ዐረብኛም እንግሊዝኛም ሳይሆን ፈረንሳይኛ ሆነ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ አዲስ አበባ ላይ ተቋቁሟል። በ1925 የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትም ፈረንሳይኛ ይጫነው ነበር። ራስ ተፈሪ ራሳቸው በልጅነታቸው ሐረር ላይ ከካቶሊክ ሚሲዮኖች የተማሩት ይህንኑ ቋንቋ ነው።

ይህ ሁሉ ግን የፓሪስ ፍቅር አልነበረም። የዘመኑ የዲፕሎማሲ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። በዚያ ላይ ባቡሩ አለ። ሐዲዱ ከጂቡቲ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ቋንቋውንም አብሮ ጭኖ ነው የመጣው። ለገሀር የምንለው ሰፈር “ላ ጋር” ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የወጣ ነው፤ ጣቢያው ማለት ነው። ቢሮ፣ ዶሴ፣ ሹፌርም ከዚያው ከፈረንሳይኛ የመጡ ናቸው። ቢሮ ሄዶ ዶሴው የጠፋበት ባለጉዳይ ሳይታወቀው ግማሽ በግማሽ በፈረንሳይኛ ያማርራል።

ከበድ ያለም ምክንያት ነበር። በጥር 1908 ምኒልክ ከፈረንሳዩ መልእክተኛ ከክሎቡኮውስኪ ጋር ውል ተፈራረሙ። በውሉ መሠረት ፈረንሳዮች እርስ በርሳቸው ሲካሰሱ የሚዳኛቸው ቆንስላቸው ነው፤ ከኢትዮጵያዊ ጋር ሲካሰሱም የቆንስላው ሰው ከዳኛው ጎን ይቀመጣል። ሌሎች ፈረንጆችም “ለእነሱ የተፈቀደ ለእኛም” እያሉ በዚሁ በር ገቡ። በገዛ አገር ላይ ከፈረንጅ ጋር ለመከራከር ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ማሰለፍ ግድ ሆነ። የትርጉም ነገር ስንት ደም እንደሚያስከፍል ደግሞ ከውጫሌ ውል በኋላ ከምኒልክ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ትምህርት ቤቱ የተከፈተው እንግዲህ ፈረንጅ ለመምሰል አይደለም፤ በፈረንጅ ላለመታለል ነው።

ከዚያ ፋሺስቶች መጡ። በየካቲት 1937 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ የተማረው ወጣት እየተለቀመ ተፈጀ። በ1941 ነጻነት ሲመለስ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የገቡት እንግሊዞች ነበሩ። አማካሪው እንግሊዝ፣ መጽሐፉ እንግሊዝኛ፣ ብዙም ሳይቆይ የማስተማሪያ ቋንቋውም እንግሊዝኛ ሆነ። ልብ በሉ፤ ፈረንሳይኛ ተፈትኖ አልወደቀም። የለወጠው ጦርነት ነው። በ1947 ሊሴ ገብረ ማርያም ሲከፈት ፈረንሳይኛ የአንድ ትምህርት ቤት መለያ እንጂ የአገር ቋንቋ መሆኑ ቀርቶ ነበር።

በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ። የመጀመሪያው ኃላፊ ሉሲየን ማት ከካናዳ የመጡ ኢየሱሳዊ ነበሩ። አፋቸውን በፈረንሳይኛ የፈቱ ሰው ኮሌጁን ያስተዳደሩት በእንግሊዝኛ ነው። የቤቱ ባለቤት የነበረው ቋንቋ ከዚያ ወዲያ እንግዳ ሆኖ ተቀመጠ።

እንግዳው ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በ1957 የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት የጄኔቫው ዣን ግራቨን ናቸው። በ1960 የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ደግሞ የፓሪሱ የሕግ ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ሁለቱም የጻፉት በፈረንሳይኛ ነው፤ አማርኛውና እንግሊዝኛው ትርጉም ናቸው። በ1963 የሕግ ፋኩልቲ ሲከፈት ደግሞ ዲኑ አሜሪካዊ፣ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ሆነ። ፈረንሳዊ ያረቀቀውን የኢትዮጵያ ሕግ አሜሪካዊ በእንግሊዝኛ አስተማረው ማለት ነው።

የወንጀል ሕጉ በ2004 ተቀይሯል፣ የቤተሰቡም ክፍል በ2000። የውል ሕጋችን ግን ዛሬም የሬኔ ዳቪድ ነው። ውል ገብታችሁ ከተዋዋያችሁ ጋር ብትጣሉ የሚዳኛችሁ በአብዛኛው እሱ ነው። በፍርድ ቤት የሚጸናው አማርኛው ቢሆንም፣ አማርኛውና እንግሊዝኛው አልጣጣም ሲሉ አርቃቂው ምን ማለቱ እንደነበር የሚታየው በፈረንሳይኛው ነው። ያንን ገልጦ የሚያነብ ስንት ጠበቃ አለን?

እንግዲህ ወደ አክስታችን ጥያቄ እንመለስ። ፈረንሳይኛ ተምሮ አፍሪካ ኅብረት መቀጠር ይቻላል፣ ኤምባሲ፣ አስጎብኚ ድርጅት፣ ወደባችን ጂቡቲም አለች። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፣ ሥራውም ለሁሉም አይበቃም። እኛ የምንጨምረው አንድ ነገር ነው። የምድር ባቡር ዶሴዎች፣ በ1913 አዲስ አበባ ላይ መታተም የጀመረው “ለ ኩርዬ ዴትዮፒ” ጋዜጣ፣ የውሎቻችን ቅጂና የሕጎቻችን ረቂቅ የተጻፉት በዚህ ቋንቋ ነው። የእኛው ታሪክ ነው፤ የምናነበው ግን ሌላ ሰው አንብቦ በነገረን ልክ ነው።

ብዙው ተማሪ ፈረንሳይኛን ከ“ቦንዡር” የሚጀምረው ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ነው። በጥቂት ዓመት ውስጥ ሞልየርና ሁጎ ላይ መድረስ ቀላል አይደለም፤ መድረሱም ደስ ይላል። ከእነሱ ጎን ለጎን ግን የክሎቡኮውስኪን ውል አንድ ሴሚስተር ቁጭ ብሎ ቢያነብ፣ የፈረንሳይኛውን ቃል ከአማርኛው ጋር ቢያስተያይ፣ የመመረቂያ ጽሑፉንም በዚያ ላይ ቢሠራ፣ ለአክስቱ የሚመልሰው ያገኛል። ምኒልክ ትምህርት ቤት የከፈቱት ለዚህ ነበር።