ከማደሪያ ቤት እስከ ቴአትር መድረክ

በካምፓላ በማኬሬሬ ኮሌጅ ተማሪዎች የሚያድሩባቸው ቤቶች ለመኝታና ለማዕድ ብቻ የተሠሩ አልነበሩም። በማደሪያ ቤቶቹ መካከል የእንግሊዝኛ ቋንቋ ውድድር ይደረግ ነበርና፥ ተማሪው ራሱ የደረሰውን አጭር ቴአትር ይዞ ይቀርብ ነበር። ከሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነው፤ ሥራው የተማሪው እንጂ የማደሪያ ቤቱ ሹም አልነበረም።

የኖርዝኮት ቤት ነዋሪ የነበረው ኬንያዊው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ፥ ያን ጊዜ ጄምስ ንጉጊ ይባል ነበር፥ በ1961 በአውሮጳ አቈጣጠር «ዓመፀኞቹ» የተባለውን ቴአትር ለውድድሩ ጻፈ። በ1962 ያቀረበው «የልብ ቍስል» አሸነፈ። ነገር ግን አንድ የእንግሊዝ መኰንን በማው ማው እስረኛ ሚስት ላይ ያደረሰውን ግፍ ስለሚያሳይ፥ በካምፓላው ብሔራዊ ቴአትር እንዳይታይ ተከለከለ። ተማሪዎቹ ግን አላረፉም፤ በዚያው ዓመት በኅዳር የንጉጊን «ጥቁሩ ባሕታዊ» በዚያው በከለከላቸው መድረክ ላይ አሳዩ።