የአሮጌ ትራክተር ዕድሳት

የአሮጌ ትራክተር ዕድሳት ያረጀ ወይም ቆሞ የከረመ የእርሻ ወይም የጓሮ ትራክተርን ፈትቶ፣ ያለቁ ክፍሎቹን ቀይሮ፣ ዝገቱን አጽድቶና ቀለም ቀብቶ ወደ ሥራ መመለስ ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በአብዛኛው የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ነው። በኢትዮጵያ ግን የእንጀራ ጉዳይ ነው፤ አዲስ ትራክተር የሚገባው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ አሮጌው ከተሰበረ በኋላም ደጋግሞ ይጠገናል። ይህ ጽሑፍ በተለይ የደብረ ብርሃንንና የአካባቢውን ደጋ ሁኔታ ይመለከታል። ከፍታው፣ ውርጩና ጥቁር አፈሩ ለቆላ ወይም ለባሕር ጠረፍ አገር የተጻፈ የጥገና መመሪያ እንዳለ እንዳይሠራ ያደርጉታል።

የጓሮ ትራክተርና የኢትዮጵያ ትራክተሮች

«የጓሮ ትራክተር» የሚባለው ትንሽ ባለ አራት ጎማ ማሽን በአሜሪካ የተስፋፋው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። የኢንተርናሽናል ሃርቨስተር «ከብ ካዴት» በ1961፣ የጆን ዲር 110 ደግሞ በ1963 (እ.ኤ.አ.) ለገበያ ቀርበዋል። ዋና ሥራቸው ሣር ማጨድና በረዶ መጥረግ ስለነበር በኢትዮጵያ ብዙ ቦታ አላገኙም። በመጠን የሚቀርባቸው ሰው ከኋላ እየተራመደ የሚነዳው ባለ ሁለት ጎማ የእጅ ትራክተር ነው። የአንድ ገበሬ ማሳ በአማካይ አንድ ሄክታር ገደማ በሆነበት አገር ይህ ማሽን ከትልቁ ትራክተር ይልቅ ለማሳው ይመጥናል።

በዓለም ላይ በብዛት ከሚታደሱት ትራክተሮች አንዱ ግራጫው ፈርጉሰን ቲኢ20 ነው። እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1956 በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ ከ500,000 በላይ ተሠርቷል። በዚያው ከተማ ከ1964 እስከ 1975 (እ.ኤ.አ.) የተመረተው ማሴ ፈርጉሰን 135 የዚሁ ዘር ነው፤ ኮፋኖውና ፓራፋንጎው ቀይ፣ ሞተሩና ካምቢዮው ግራጫ ነው።

ትራክተር በኢትዮጵያ በብዛት የታየው በንጉሡ ዘመን ማብቂያ በአዋሽ ሸለቆ፣ በሰቲት ሁመራና በጭላሎ ነው። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን ድጋፍ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) ዓላማው አነስተኛ ገበሬን መርዳት ነበር። ሆኖም ባለመሬቶች ራሳቸው በትራክተር ማረስ ሲጀምሩ ብዙ ጭሰኞች ከመሬታቸው ተፈናቀሉ። ከየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ የትልልቅ እርሻዎች ትራክተሮች ወደ መንግሥት እርሻዎች ዞሩ። በደርግ ዘመን ደግሞ የሚንስኩ «ቤላሩስ» (ኤምቲዜድ) ትራክተር ተስፋፋ፤ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተቋቋመው የናዝሬት ትራክተር መገጣጠሚያም ሥራ ጀመረ። ዛሬ በየግቢው ሣር በቅሎባቸው ከሚታዩት አሮጌ ትራክተሮች ብዙዎቹ ከእነዚህ ዘመናት የቀሩ ናቸው።

ከመፍታት በፊት

ዕድሳት የሚጀምረው በማጠብ ነው። በሞረትና ጅሩና በአካባቢው ያለው መረሬ አፈር ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራል። ከቸርኬው ሥርና ከፍሬኑ ዙሪያ ካልተላቀቀ ዘይት ከየት እንደሚያፈስ ማወቅ አይቻልም። ከታጠበ በኋላ ሞተሩ በእጅ መዞሩ ይታያል። ለዓመታት የቆመ ሞተር ፒስቶኑ ከሲሊንደሩ ጋር በዝገት ሊጣበቅ ስለሚችል በሞተሪኖ ለማስነሳት መሞከር ትርፉ ስብራት ነው። በየሲሊንደሩ ናፍጣ ወይም ቀጭን ዘይት ጨምሮ ቀናት መጠበቅ ይሻላል።

የሞተር ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር የተጻፈባቸው ሳህኖች ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ከመነሳቱ በፊት ተነበው ከሊብሬው ጋር ይመሳከራሉ። ቁጥሩ የተፋቀ ማሽን ስም ለማዛወር ያስቸግራል፤ ትክክለኛውን ዕቃ ለማዘዝም የሚያስፈልገው ይኸው ቁጥር ነው።

የጋራዥ ቋንቋ እዚህ ላይ ጠቃሚ ነው። ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቡሎን፣ ዳዶ የተባሉት ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ሲሆኑ የፋብሪካው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ወይም በሩስኛ ነው። አዲስ ሠራተኛ ሁለቱን አዛምዶ እስኪያውቅ ድረስ የሚፈታውን ክፍል ሁሉ ፎቶ ቢያነሳ ይበጃል።

ሞተር

የማሴ ፈርጉሰን 135 ናፍጣ ሞተር ባለ ሦስት ሲሊንደር ፐርኪንስ ሲሆን መጠኑ 2.5 ሊትር ነው። የኤምቲዜድ 80 ሞተር ዲ-240 ባለ አራት ሲሊንደር፣ 4.75 ሊትር ነው። ለሚያድሳቸው ሰው ትልቁ ልዩነት የሲሊንደር ካኒያው ነው። የዲ-240 ካኒያ በቀጥታ ውሃ የሚነካው ስለሆነ የሥር ጎማው ካረጀ ውሃ ወደ ዘይት ይገባል፤ ዘይቱም ወተት መስሎ ይታያል። የፐርኪንሱ ካኒያ ውሃ አይነካውም፤ ነገር ግን ተጨምቆ የሚገባ በመሆኑ ለመቀየር ፕሬስ ያስፈልጋል።

ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 71 በመቶ ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር አየር ስለሚያንሰው ኃይሉ ሩብ ያህል ይቀንሳል፤ ፓምፓው ግን ያንኑ ናፍጣ ይረጫል፤ ስለዚህ ሲጫን ጥቁር ጭስ ያወጣል። በሚገባ የታደሰ ትራክተር ሲጨስ ያየ ባለቤት «አልተሠራም» ብሎ ይጣላል፤ መካኒኩም አንዳንዴ ደህናውን ኖዝል ይቀይራል። መጀመሪያ ሊታይ የሚገባው የአየር ፊልትሮው ነው። እሱ ንጹሕ ከሆነ የናፍጣውን መጠን በፓምፓ ባለሙያ ማስቀነስ ይቻላል።

ሌላው የከፍታ ጣጣ ውሃ ነው። በደብረ ብርሃን ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ91 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይፈላል። በሞተሩ ውስጥ ሳይፈላ የሚቆየው የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን ስለሚይዘው ነው። ስፕሪንጉ የላላ ክዳን አዲስ አበባ ላይ ብዙም ላይታወቅ ይችላል፤ ጣርማ በር አቀበት ላይ ግን ተሳቢ የሚጎትት ትራክተር ውሃውን አፍልቶ ይቆማል። ብዙ ሺህ ብር የፈሰሰበት ቴስታታ በዚህች ክዳን ሳቢያ ሲጣመም ያሳዝናል።

ለብርዱ ደግሞ ፐርኪንሱ «ቴርሞስታርት» የተባለ መሣሪያ አለው፤ በአየር መግቢያው ውስጥ ጥቂት ናፍጣ አቃጥሎ አየሩን ያሞቃል። በዕድሳት ጊዜ ሽቦውና የናፍጣ መስመሩ መፈተሽ አለባቸው። አንዳንድ ዲ-240 ሞተሮች በኤሌክትሪክ ሞተሪኖ ፋንታ በትንሽ የቤንዚን ሞተር ይነሳሉ፤ ይህችም ለብቻዋ መታደስ አለባት።

ቀለም

ቀለም የመጨረሻው ሥራ ነው። ሞተሩ ተነስቶ፣ ሞቆ፣ የሚያፈስ ቦታ እንደሌለ ከታየ በኋላ ይመጣል። ላሜራው በባትላሜራ ባለሙያ ይቃናል፤ የበሰበሰው ተቆርጦ አዲስ ይበየዳል። ዝገቱ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ይነሳል፤ ቅባቱ በቲነር ይጠረጋል፤ አንቲረስት ከተቀባ በኋላ ስቱኮና ዋናው ቀለም ይከተላሉ። ቅባት ያልለቀቀ ብረት ላይ የተረጨ ቀለም በአንድ ክረምት ይላጣል።

በደብረ ብርሃን ለቀለም የሚመቹት ደረቅ ወራት ውርጭ የሚወርድባቸውም ናቸው። የብረቱ ሙቀት አየሩ ጤዛ ከሚጥልበት መጠን ቢያንስ በ3 ዲግሪ መብለጥ አለበት። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ፀሐይ ወጥታም እንኳ ወፍራሙ የካምቢዮ ብረት ገና ቀዝቃዛ ነው፤ በዓይን የማይታይ እርጥበት ይይዛል። ስለዚህ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ መቀባትና ማሽኑን ሌሊት ቤት ውስጥ ማሳደር ይመረጣል። በሐምሌና በነሐሴ ሜዳ ላይ መቀባት ቀለም መጣል ነው።

አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለውን እርሳስ በኪሎ ግራም 90 ሚሊግራም ላይ ገድባለች፤ ከዚያ በፊት የተቀባው ግን ማሽኑ ላይ ነው። ሲፋቅ ብረቱን ማርጠብ፣ ጭንብል ማድረግና ልጆችን ማራቅ ያስፈልጋል። የአሮጌ ፍሬንና ፍሪሲዮን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል አቧራውን በኮምፕረሰር መንፋት አደገኛ ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል።

የተቀባ አሮጌ ትራክተር ሲገዛ

አዲስ ቀለም የዕድሳት ማስረጃ አይደለም። ሁለት ጣሳ ቀለም ከአንድ የጓርኒሲዮን ሙሉ ስብስብ ይረክሳል፤ በሬዎቹን ሸጦ ወይም ከዘመድ ተበድሮ የሚገዛ ገበሬም በቀለሙ ይታለላል። ቀለሙ በጎማ ቱቦዎች፣ በሽቦዎችና በፓራኦሊዮዎች ላይ ጭምር ከተረጨ ማሽኑ ሳይፈታ ተቀብቷል ማለት ነው። የቴስታታው ዳዶዎች ጠርዝ ላይ ቀለሙ ሳይሰነጠቅ ካለ ከቅቡ በኋላ ቁልፍ አልነካቸውም፤ ስለዚህ ሞተሩ ተሠርቷል ከተባለ ከቅቡ በፊት መሆኑን ሻጩ በደረሰኝ ማሳየት አለበት።

ትራክተሩ ገዢው ከመድረሱ በፊት መሞቅ የለበትም፤ የደከመ ሞተር የሚታወቀው በቀዝቃዛ ጠዋት ሲነሳ ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መብላቱን ያሳያል። ሃይድሮሊኩ የሚፈተነው ማረሻውን አንስቶ ሞተሩን በማጥፋት ነው፤ ማረሻው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መሬት ከነካ ውስጡ ያፈስሳል፤ የጥገናው ዋጋም ከመሸጫው ላይ ሊቀነስ ይገባል።