ጃንሆይ ጄኔቫ ላይ ለማን ተናገሩ?

ጋዜጠኝነት ስማር አንድ መምህራችን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሦስት ቃላት ጻፉና በቀስት አገናኟቸው፤ ተናጋሪ፣ መልእክት፣ አድማጭ። «አድማጭህ በማያውቀው ቋንቋ ከተናገርክ እንዳልተናገርክ ቁጠረው» አሉን። እኔም ከኋላ ወንበር እጄን አውጥቼ «ታዲያ ጃንሆይ ጄኔቫ ላይ በአማርኛ የተናገሩት ለማን ኖሯል?» ስል ጠየቅሁ። ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ ሰዓት ስለደረሰባቸው ይሁን ሌላ፣ ሳይመልሱልኝ ወጡ።

ለአገራቸው ሰው እንዴት እንደሚነገር ንጉሠ ነገሥቱ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። የኢጣሊያ ጦር መረብን በተሻገረበት ዕለት፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ላይ በታላቁ ቤተ መንግሥት ነጋሪት ተጎሰመ፤ የክተት አዋጅም ተነበበ። ነጋሪት ማብራሪያ አያሻውም። ፊደል ያልቆጠረው ገበሬም ድምፁን ሲሰማ ምን እንደሚጠበቅበት ከአያቶቹ ጀምሮ ያውቀዋል።

ጄኔቫ ግን ነጋሪት አይጎሰምም። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. አገራቸው ተይዛ፣ እሳቸውም ከአዲስ አበባ ከወጡ ሁለት ወር ሊሞላቸው ሲል፣ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆሙ። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት አዳራሹን አወኩት። የሩማንያው ቲቱሌስኮ ከመቀመጫቸው ተነሥተው እነዚህን አረመኔዎች አስወጡልን ሲሉ በፈረንሳይኛ ጮኹ። ፖሊስ ጋዜጠኞቹን እየጎተተ አወጣ። ጃንሆይ ጸጥ ብለው ጠበቁና ንግግራቸውን ጀመሩ፤ በአማርኛ።

ፈረንሳይኛ ከልጅነታቸው የተማሩት ቋንቋ ነው። ለምን ተዉት? እኔ እንደሚመስለኝ፣ ከተማቸውን የተነጠቁ ንጉሥ ያልተነጠቁት አንድ ነገር ቢኖር የመንግሥታቸውን ቋንቋ ነበር። በሰው ቋንቋ ቢናገሩ አቤት ባይ ስደተኛ ይሆናሉ፤ በራሳቸው ሲናገሩ ግን ያለው መንግሥት ነው። ቋንቋው የአገር ቤት ይሁን እንጂ ይዘቱ የአዋጅ አልነበረም። አውሮፕላኖች 9፣ 15፣ 18 እየሆኑ በተከታታይ መርዝ እንዴት እንዳዘነቡ፣ ሰውና ከብቱ፣ ወንዙና ግጦሹ እንዴት እንደተመረዘ እየቆጠሩ ተናገሩ። ሕግና ቁጥር ለሚያውቁ ሰዎች ሕግና ቁጥር አቀረቡ፤ ለትንንሾቹ አገሮች ደግሞ ነገ የእናንተ ተራ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ።

ውጤቱስ? ከአራት ቀን በኋላ ጉባኤው በኢጣሊያ ላይ የተጣለው ማዕቀብ እንዲነሣ ወሰነ። የተጠየቀውም ብድር ተከለከለ። በፈረንሳይኛ ተናግረው ቢሆን ኖሮ የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። እንግሊዝና ፈረንሳይ ነገሩ ሳይገባቸው ቀርቶ አይደለም። ገብቷቸዋል፤ አልፈለጉም እንጂ። የመምህሬ ቀስት ለዚህ ዓይነቱ አድማጭ ቦታ አልነበረውም።

ጉዳዩን የተቀበሉት ከአዳራሹ ውጭ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ ከእነዚህም ውስጥ የአሜሪካ ጥቁሮች ይገኙበታል። ወደ እነርሱ የተላኩት በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማሩት ዶክተር መላኩ በያን ነበሩ። ለሃርለም ሰው የማኅበሩን ውል አንቀጽ መጥቀስ ምን ይረባል? ደግሞም ኢትዮጵያውያን ራሳቸውን ከጥቁር አይቆጥሩም የሚል ወሬ ተነዝቶ ልብ አሻክሮ ነበር። ዶክተር መላኩ በእንግሊዝኛ፣ እንደ ወንድም ሆነው ተናገሩ። ባለቤታቸው ዶሮቲ ሃድሊ ራሷ ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች፤ ወሬውን ለማፍረስ ይህ ከብዙ ንግግር ይበልጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1937 ኒውዮርክ ውስጥ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን መሠረቱ፤ «የኢትዮጵያ ድምፅ» የተባለ ጋዜጣም በእንግሊዝኛ ወጣ። በአዳራሹ የተከለከለው ገንዘብ ባይገኝም፣ ከዚያ ወገን ኪሱ ከሳሳ ሠራተኛ መዋጮ ተሰበሰበ።

ዶክተር መላኩ እዚያው ኒውዮርክ ውስጥ በ1932 ዓ.ም. ዐረፉ። ጃንሆይ አዲስ አበባ ሲገቡ አንድ ዓመት ብቻ ቀርቶ ነበር።