ዕረፍት ያጣ ዱር

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ከእንጦጦ ተራራ ትከሻ ወርዶ ፊቱን ወደ ወጨጫ የመለሰው የኮልፌ ቀራንዮ አገር ዛሬ ቤት በቤት ላይ የተደረደረበት ሰፈር ነው። ምድሩ ግን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ደጋ ስለ ሆነ፣ በተፈጥሮው የጥድና የወይራ፣ የዝግባና የኮሶ አገር ነው። ለዚህም ሁለት ምስክር አለ። አንደኛው በከተማይቱና በዙሪያዋ በጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ውስጥ እስከ ዛሬ የቆሙት አሮጌ ጥዶች ናቸው፤ ሁለተኛው በወጨጫ ተራራ የተረፈው የመናገሻ ሱባ ደን ነው። ይህን ደን በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይተረካል።

የቀረው ዱር እንዴት እንደ ጠፋ ለመረዳት የቀድሞውን የነገሥታት ከተማ ጠባይ ማወቅ ያሻል። ሠራዊት በሰፈረበት ምድር እንጨቱ ባለቀ ጊዜ ከተማው ይነሣ ነበር። ከተማው ሲነሣ ዱሩ ያርፋል፤ ካረፈም ዘመን ቈጥሮ ያገግማል። በኦሪት ምድር በሰባተኛው ዓመት እንድታርፍ እንደ ታዘዘ፣ ለደጋውም ዱር የከተማው መነሣት እንደ ሰንበት ሆኖለት ነበር።

በ1879 ዓ.ም. በእቴጌ ጣይቱ ፈቃድ በፍል ውኃው አጠገብ አዲስ አበባ ስትቈረቈር፣ ሕዝቡ ከእንጦጦ እየወረደ ሰፈረ። ምሰሶው፣ ማገሩ፣ ወራጁ ሁሉ ከዱር የሚመጣ ነበር፤ እንጀራው የሚጋገር፣ ጠላው የሚጠመቅ በእንጨት ነበር። ጥድም አንድ ጊዜ ከተቈረጠ ከጉቶው አያቈጠቍጥም፤ ከዘር በቅሎ ለምሰሶ እስኪደርስም ብዙ ዘመን ይፈጃል። ስለዚህ የምሳሩ መንገድ ከዓመት ወደ ዓመት ራቀ። በ1893 ዓ.ም. ግድም ዐፄ ምኒልክ እንደ ቀድሞው ልማድ ከተማቸውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አሰቡ። ቤተ መንግሥትም አሠሩ፤ ይኸውም በኋላ የማርያም ጽዮን ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ይሁን እንጂ ከተማይቱ አልተነሣችም። ካስቀሯት ምክንያቶች ዋነኛው ባሕር ዛፍ ነው። ይህ የአውስትራልያ ዛፍ በ1887 ዓ.ም. ግድም ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ ያስመጣውም ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው ይባላል። ሲቈርጡት ከጉቶው ደግሞ ይበቅላል፤ በጥቂት ዓመታትም ለማገርና ለማገዶ ይደርሳል። ስለዚህ ባላገሩም ባለርስቱም ተከለው። የከተማይቱ ዙሪያ ሁሉ፣ የኮልፌ ኮረብታ ጭምር፣ ለበሰው፤ የውጭ አገር ሰዎችም አዲስ አበባን የባሕር ዛፍ ከተማ እያሉ ጠሯት።

ባሕር ዛፍ የከተማይቱ ባለውለታ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ውለታው ዋጋ ነበረው። ከተማይቱ መነሣቷን በተወች ጊዜ የጥዱ ዱር ዕረፍቱን አጣ። ሊያገግምበት ይገባው የነበረውን ምድር እንግዳው ዛፍ ያዘው፤ በዚያ ጥላ ያደገው ትውልድም የአገሩ ጥንተ ዱር ባሕር ዛፍ መሰለው። ኋላም ለባሕር ዛፉ ተራው ደረሰ፤ ግንዱ አጠና እየሆነ ተሸጠ፣ ምድሩም ለቤት መሥሪያ ዋለ። ለዚያ ዘመን መታሰቢያ የቀረው በኮልፌ አጠና ተራ የሚባለው ስም ነው።

ቀራንዮ የሚለው ቃል ከጽርእ የመጣ ሲሆን የራስ ቅል ማለት ነው። ዛፉን ያጣ ኮረብታ እንደ ራስ ቅል መላጣ ሆኖ መታየቱ ለስሙ ሁለተኛ ፍች ሆነበት።

ቢሆንም ዘሩ ከምድር አልጠፋም። በቅጽር ውስጥ ምሳር የሚያነሣ ስላልነበረ፣ እያንዳንዱ አሮጌ ጥድ የጠፋው ዱር የዘር ጎተራ ሆኖ ቆይቷል። በእንጦጦ ትከሻ የከተማይቱ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ700 ሄክታር ገደማ ያቋቋሙት የጉለሌ እጽዋት ማዕከልም በባሕር ዛፍ ፈንታ የአገሩን ዛፍ ለመመለስ ይደክማል። ለጥድ የሚያስፈልገው ዛሬም ያው የጥንቱ ነው፤ ዘር፣ ቅጽርና ዕረፍት።