ከጠመንጃ ወደ ካሜራ

ወፍን በቅርብ ማየት የሚሻ ሰው አስቀድሞ የሚገድልበት ዘመን ነበር። ነገሩ ለዛሬ ጆሮ ጭካኔ ይመስላል፤ ያን ጊዜ ግን የሊቃውንት ወግ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1827 እስከ 1838 «የአሜሪካ ወፎች» የተሰኘውን የሥዕል ሥራውን ያሳተመው ዝነኛው ጆን ጄምስ ኦዱቦን እንኳ ወፎቹን በጠመንጃ ጥሎ፣ በድናቸውን በሽቦ ደግፎ ነበር ሕያው አስመስሎ የሚሥላቸው።

ይህን ወግ ከለወጡት መካከል በእንግሊዝ አገር የዮርክሻየር ገጠር ያፈራቸው ሁለት ወንድማማቾች ይገኙበታል፤ ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን። ሪቻርድ በልጅነቱ የወፍ ጎጆ ሲፈልግ ከዛፍ ወድቆ ዕድሜ ልኩን ያነክስ ነበር። ታናሹ ቼሪ እ.ኤ.አ. በ1892 በለንደን አቅራቢያ አንድ ጎጆ ከነዕንቁላሉ ፎቶግራፍ አነሳ። ከሦስት ዓመት በኋላም ጽሑፉ የሪቻርድ፣ ፎቶግራፉ የቼሪ የሆነ፣ ስለ ብሪታንያ ወፎች ጎጆ የሚተርክ መጽሐፍ ለኅትመት በቃ።

ዕንቁላል አይበርም፤ እናቲቱ ግን ሰው ስታይ ትበራለች። የዘመኑ ካሜራ ደግሞ ከባድ ሣጥን ነው፤ ምስሉም የሚቀረጸው በመስተዋት ላይ ነበር። ወንድማማቾቹ ስለዚህ መደበቅን ተማሩ። የበሬ ቆዳ ውስጡን ባዶ አድርገው አሠርተው ሜዳ ላይ ያቆሙታል፤ ሪቻርድም ካሜራውን ይዞ በሆዱ ውስጥ ጎብጦ ይጠብቃል። አንድ ቀን እንዲህ እንዳለ ራሱን ሳተና በሬው ከነሰውየው ተገለበጠ፤ እግሮቹም ወደ ሰማይ ተንጨፍረው ቀሩ!

ያገራችን ሰው «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል። ለአዳኝ ቅጽበት ይበቃዋል፤ ፎቶግራፍ አንሺ ግን ወፏ እስክትረሳው ድረስ መታገሥ አለበት። ከጠመንጃ ወደ ካሜራ የተደረገው ጉዞ የመሣሪያ ለውጥ ብቻ ሳይሆን የጠባይ ለውጥም ነበር።

ይሁን እንጂ ካሜራም ያልተጠራ እንግዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 ኤሪክ ሆስኪንግ የተባለው እንግሊዛዊ ፎቶግራፍ አንሺ በዌልስ አንዲት ጉጉት ጎጆዋ አጠገብ በጨለማ ፊቱን ቧጥጣ ግራ ዓይኑን አሳጣችው። እርሱ ግን ሙያውን አልተወም፤ በቀረችው አንድ ዓይኑ ለብዙ አሠርት ዓመታት ወፎችን ሲያነሳ ኖረ።

ጎጆዋን የምትጠብቅ ጉጉት ጠመንጃን ከካሜራ አትለይም። ለይቶ ማወቅ፣ ርቀቱንም ጠብቆ መቆም የሰውየው ፈንታ ነው።